ግድግዳ ሥር የፈሰሰ ወተት

ትናንት በእረፍት ሰዓት ከማስተምርበት ክፍል ጀርባ ሆኜ የሞላ ጡቴን አለብኩ። ትምህርት ቤቱ ማቀዝቀዣ ስለሌለው ወተቱን ግድግዳው ሥር አፈሰስኩት። ከአፈሩ የተነሣው ለብ ያለ ጣፋጭ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

እናቴ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ልብስ ስትሰፋ፣ ሕፃኑን ወንድሜን የሚጠብቁልን ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ነበሩ። አንድ ቀን ስፌት ቤቱ አብሬያት ሳለሁ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ራሰ። «ልጄ እያለቀሰ ነው» ብላ እጄን ይዛ ሮጠች። ስንደርስ ወንድሜ ተኝቷል።

«ድምፁንም አላሰማ» አሉ እማማ ዘነበች። ከዚያ እናቴን ትኩር ብለው አዩዋት። «አንቺ፣ ሥራ ቦታ ወተትሽን የት ነው የምታፈሺው?»

«ጓሮ፣ መሬት ላይ ነዋ።»

«እንግዲያው በወተትሽ የማታውቂውን ነገር አስለምደሻል። የጠራሽ እሱ ነው።»

እናቴ ልትስቅ ሞከረች፤ ግን ሄዳ በሩን ዘጋች።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። እናት ልጇን በማሰብ ብቻ ወተቷ ሊፈስ እንደሚችል ለተማሪዎቼ አስረድቻለሁ። ዛሬ ግን ልጄን ፈጽሞ ሳላስብ፣ ስለ ቅጠል እያስተማርኩ ሸሚዜ ራሰ። ወጥቼ ቤት ደወልኩ።

«ኧረ እትዬ፣ ተኝታለች» አለችኝ ሞግዚቷ።

ስመለስ ተማሪዎቼ በሙሉ ወደ ጓሮው መስኮት ዞረዋል።

«ቲቸር» አለችኝ አንዷ፣ «እዚህ ግድግዳው ሥር ሕፃን ያለቅሳል።»