የግራ እጄ አጥንቶች

ልጄ ነርስነት የምትማረው ከዓባይ ማዶ ነው። በአገሩ ብጥብጥ ጊቢው ተዘግቶ ተማሪው ወደየቤቱ ሲበተን፣ መጻሕፍቷን በሻንጣ ሞልታ ቡሬ አጠገብ ወዳለው ቤታችን መጣች።

"ሲከፈት ወዲያው ፈተና ነው። ከወደቅሁ ያባርሩኛል" አለችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። አባቴ ዳዊት ሲደግሙ እየሰማሁ ስላደግሁ ጥናት ማለት ድምፅ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን የመድኃኒት መጠን ስሌት ስትሠራ ጭጭ ነው። የጎተራው በር ላይ በከሰል ትጽፋለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ታጠፋለች፣ ደግሞ ትጽፋለች።

"ተኛሽ እንዴ? እስቲ ድምፅሽን ልስማው!" አልኳት።

"እማ፣ ይኼ በቃል አይያዝም። መልሱን ሳላይ ደጋግሜ ካልሠራሁት ፈተና ላይ ይጠፋብኛል።"

"በሩንስ ማን ሊያጥበው ነው?"

"የሚያገባኝ ሰው!" ብላ ሳቀች።

የማኅበረሰብ ጤና የሚሉትን ደግሞ በወሬ ነበር የምታጠናው። በቆሎ እየፈለፈልን፣ በሽታ ከውኃ ወደ ሰው እንዴት እንደሚሄድ ትነግረኛለች። "ለምን?" ስላት መልስ ካጣች እጇን አራግፋ ወደ መጽሐፉ ትሮጣለች። "ላንቺ ማስረዳት ካቃተኝ እኔም አልገባኝም ማለት ነው" ትለኛለች። እኔም ለምን ማለት አበዛሁ። ከአጠገቤ ትቆይልኛለቻ!

አጥንቶቹን ግን ያጠናችው በእኔው ገላ ነው። ሥዕሉን ብቻ ስታይ በነጋታው ይምታታባታል። ስለዚህ ደጃፉ ላይ ታስቀምጠኝና ዓይኗን ጨፍና የግራ ክንዴን እየዳሰሰች ትጠራለች፤ ሂውመረስ፣ ራዲየስ፣ አልና። የእጄ አንጓ ላይ ስትደርስ ትንንሾቹ ያስቸግሯታል። አንድ ቀን ከአውራ ጣቴ ሥር ጫን ስታደርገኝ ጮህኩ።

"ያምሻል እንዴ?"

"በቆሎ ስፈለፍል ሁልጊዜ ያመኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስሙን የት አውቄው!"

"ስካፎይድ ነው" አለች ቀስ ብላ። አልሳቀችም። እጄን ይዛ ቆየች። "ከእንግዲህ ይኼን አልረሳውም።"

ከዚያ ተማሪው ወደ ጊቢ ይመለስ የሚል ጥሪ ወጣ። መንገድ ላይ ተማሪ ታግቶ ተወሰደ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ትንሽ ቆይተሽ ሂጂ፣ አገሩ ይረጋጋ ብዬ ለመንኳት።

"እማ፣ ይኼን ሁሉ ያጠናሁት ለምን ሆነና?" አለችኝ። አሁን ለምን ባይዋ እሷ ሆነች፤ ስንቋን ቋጠርኩላት።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። በመኪናው መስኮት የግራ እጄን ተቀብላ ያንኑ ቦታ በጣቷ ነካችው። "ይኼ ማን ይባላል?" አለችኝ። በቀኝ እጄ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ወሰድኩ። "እሺ፣ ስመለስ እጠይቅሻለሁ" አለች፤ መኪናው ተነሣ።

ፍኖተ ሰላም መድረሷን ደውላ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ጎረቤቶቼ ኔትወርክ ነው፣ አይዞሽ ይሉኛል። ኔትወርክ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ የሚያውቅ የለም።

ያልተፈለፈለ በቆሎ ገና አለ። ብቻዬን ተቀምጬ እፈለፍላለሁ። አንጓዬ ሲያመኝ እጄን አላሳርፍም። ያመመኝን ቦታ ጫን አድርጌ፣ እንዳይጠፋብኝ፣ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ስካፎይድ። ስትመጣ ትጠይቀኛለች።