እትዬ በላይነሽ ያልሸጡልን ቤት

ልጅ እያለሁ ቤት ማለት ለእኔ የእትዬ በላይነሽ ቤት ብቻ ነበር። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ የቀረው ሁሉ ከፀሐይ መሸሸጊያ ነው። የእሳቸው ቤት ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ፈንጠር ብሎ የቆመ፣ ድሮ አንድ ግሪክ ነጋዴ ያሠራው ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም ጥቁር ድንጋይ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ዙሪያው የእንጨት በረንዳ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሆን ብለን አጥሩ ሥር ፔፕሲ እንጫወት ነበር። ኳሷ ወደ ግቢው ስትገባ ለማምጣት የምንሽቀዳደመው ለኳሷ ብለን አልነበረም፤ በረንዳው ጥላ ውስጥ አንድ አፍታ ለመቆም ነው። ሰምና አሮጌ እንጨት ይሸት ነበር። ውጭው ሰው ሲጠብስ እዚያ ውስጥ እንደ ማለዳ ይቀዘቅዛል።

እኛ ከጣቢያው ኋላ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። አባዬ ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጣል፤ እማዬ ለሆቴሎች አንሶላ ታጥባለች። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ድሬዳዋ የነበረው የአያቶቼ ቤት ተሸጠና የአባዬ ድርሻ ደረሰው። ያን ሰሞን ደላላው ሁለት ቤት ይዞ መጣ። አንዱ፣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ፣ የእትዬ በላይነሽ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ቤቱ ሰፋብኝ ብለዋል ተባለ። ሁለተኛው አስፋልቱ ዳር ያለው የሐጂ ሙሜ ቤት ነው። በጃንሆይ ጊዜ ለአንድ የመንገድ ሥራ ፎርማን የተሠራ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት፤ ወለሉ ሊሾ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ ጠባብ የብረት መስኮት። በረንዳ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሳየው የክብሪት ሳጥን መሰለኝ። ሐጂ ሙሜም አልዋሹም። "ወላሂ፣ አያምርም" አሉት አባዬን፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። "ግን ምስጥ አይበላውም፣ ዝናብ አያስገባም። ሃያ ዓመት ኖሬበት አንድ ቀን አላስቸገረኝም።"

አባዬ ልቡ ወደ ብሎኬቱ አደላ። የባቡር እንጀራ የበላ ሰው ባቡር እየሞተ መሆኑን ከማንም በፊት ያውቃል። የሚገባው ባቡር ከወር ወር እየቀነሰ ሲሄድ፣ ከጅቡቲ የሚመጣውና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ተሳቢና ቦቴ ግን አስፋልቱን ሞልቶት ነበር። "ከእንግዲህ ይቺ ከተማ ፊቷን የምታዞረው ወደ አስፋልቱ ነው" ይል ነበር። የእትዬ በላይነሽን የበረንዳ ምሰሶ በጥፍሩ ሲጭረው እንደ ደረቅ ቂጣ መርገፉንም ነግሮናል። "የድሮ ቤት ሲያዩት ያምራል፣ ሲደገፉት ይወድቃል" አለ።

እማዬ ግን እንደዚያን ጊዜ አንድን ነገር አጥብቃ ስትፈልግ አይቻት አላውቅም። ምክንያቱን የነገረችኝ ያኔ ነው። ከማግባቷ በፊት ሦስት ዓመት በዚያ ቤት ተቀጥራ ሠርታለች፤ የምትተኛው ማድ ቤት ነበር። ጣውላውን በየቅዳሜው ተንበርክካ ሰም ትቀባለች፤ ሳሎኑ ውስጥ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብላ አታውቅም። "ከዚያ መስኮት ሥር ወንበሬን አድርጌ ባቡሩ ሲገባ ማየት ነው የምፈልገው" አለችኝ። "ሌላ ምንም አልፈልግም።" አባዬ ይህን ሰማ። በማግስቱ ሄዶ እትዬ በላይነሽን አነጋገራቸው። እሺ አሉ።

ውሉ የሚፈረምበት ቀን እስኪደርስ አምስት ቅዳሜ አለፈ። በየቅዳሜው "ዘርፌን ላኳት፣ ዕቃዬን አብረን እንለይ" እያሉ እማዬን ያስጠሯታል፤ እኔም ተከትያት እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መስኮቶቹን አስወለወሏት። "መቼም ነገ ላንቺው ነው" አሉ፣ በማራገቢያቸው ፊታቸውን እያናፈሱ። በሁለተኛው መጋረጃዎቹ ታጠቡ። በሦስተኛው ኮርኒሱ ላይ የከረመው የሌሊት ወፍ ኩስ ተጠረገ። ከዚያ ተራው የወለሉ ሆነ። እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ተንበርክካ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሰም ስትቀባ እኔ ሳሎኑ ውስጥ ከእትዬ በላይነሽ ጎን ተቀምጬ ከረሜላ እበላ ነበር። ይወዱኝ ነበር። ጸጉሬን እየዳበሱ ስለ ድሮው አዋሽ፣ ስለ ግብዣው፣ ከባቡር ስለሚወርዱት ባለ ባርኔጣ እንግዶች ያወሩልኛል። እማዬ ላቡ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ቀና ትልና ፈገግ ትልልኝ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እንደነዚያ ቅዳሜዎች ደስ ብሏት አላየሁም።

በስድስተኛው ቅዳሜ አባዬ ሁለት ሽማግሌዎችና ደላላውን ይዞ፣ እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሄድን። እማዬ ወለሉን እንዳታቆሽሽ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ሳሎኑ ውስጥ አንድ የማናውቀው ጎልማሳ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። እትዬ በላይነሽ ማንንም ተቀመጡ አላሉም።

"የወንድሜ ልጅ ነው" አሉ። "ከአዲስ አበባ ጠቅልሎ እኔ ዘንድ ሊኖር መጣ። ቤቱም የእሱ ነው።"

አባዬ ግራ ገብቶት "እትዬ፣ ቃል ገብተውልን ነበር እኮ" አለ።

"ገብቼ ነበር።" ከዚያ ወደ እማዬ ዞሩ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። "ዘርፌ፣ እንዳትቀየሚኝ። መምጣቱን ካወቅሁ ከርሜያለሁ። ልጁ ቆሻሻ ቤት እንዲገባ አልፈለግሁም፤ እንዳንቺ አድርጎ የሚያጸዳልኝ ደግሞ ከየት አገኛለሁ?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው የሚያብረቀርቀውን ወለል አየ። እማዬ ወጥታ ጫማዋን አደረገች። እኔ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ለእሷ ግን አልነበረም፣ ለቤቱ ነው። በመጨረሻም፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ፣ "ገረዳቸው ስለነበርሽ ነው ያልሸጡልን!" አልኳት። አባዬ እጁን ሲያነሳብኝ እማዬ ያዘችው።

በሳምንቱ የሐጂ ሙሜን ቤት ገዛን። ክፉ ቤት አልነበረም። ተሳቢ ባለፈ ቁጥር የብረት መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የናፍጣ ሽታ ከልብሳችን አይለቅም፣ ከቀትር በኋላ ሊሾው ላይ ውሃ እየደፋን በጀርባችን እንተኛለን። እማዬ የፊቱን ክፍል ምግብ ቤት አደረገችው። ሾፌሮቹ ወጧን ወደዱላት፤ በጅቡቲ መንገድ ላይ ካለችው ዲቾቶ ተነስተው እሷ ጋ ካልደረሱ ምሳ የማይበሉ ነበሩ። ባቡሩ ጭራሽ ሲዳከም አባዬም አብሯት ገባበት። የኋላውን ክፍል ለእንግዳ ተውነው። ስለ እትዬ በላይነሽ በቤታችን አንድም ቀን አልተነሳም፤ እኔ ግን ከረሜላውን እያሰብኩ እንኳ ጥርሴን አፋጭ ነበር።

ሦስት ዓመት እንዳለፈ የወንድማቸው ልጅ ቤቱን በስሙ አዛውሮ ሸጠውና ከከተማው ጠፋ። የገዛው ሰው በአንድ ሳምንት አፍርሶ የከባድ መኪና ማቆሚያ አደረገው። እትዬ በላይነሽ ጎረቤት ለጎረቤት ሲንከራተቱ ሰነበቱ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ በራችን ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንድ ሻንጣ ይዘው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ጫማቸው አቧራ ውጦታል።

"እናትሽን ጥሪልኝ ልጄ" አሉ። "ከኋላ ባዶ ክፍል አላቸው ብለውኛል። ዘመዶቼ እስኪወስዱኝ ብቻ ነው።"

ጓዳ ገብቼ ነገርኳት። እማዬ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ "ውሃ ስጫቸው፣ ይቀመጡ በያቸው" አለች። "እጄን ታጥቤ እመጣለሁ።"

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩና፣ ውሃም ሳልሰጥ፣ "እማዬ ገረድ አንፈልግም ብላለች" አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። "እናትሽ ይህን አትልም" አሉ። "አንቺ የወጣሽው እኔን ነው።" ሻንጣቸውን አንስተው በፀሐዩ ሄዱ።

እማዬ እጇን እያደራረቀች ስትወጣ ደጁ ባዶ ነበር። "የታሉ?" አለችኝ። ከዓይኔ ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ ትከሻዬን ይዛ እስክናገር አልለቀቀችኝም። ስነግራት ያለ ነጠላ፣ ያለ ሻሽ፣ በመኪናዎቹ መሃል ወደ መናኸሪያው ሮጠች። እሳቸውን የጫነው የአዋሽ አርባው ሚኒባስ ሄዷል። በማግስቱ አዋሽ አርባ ድረስ ወርዳ ያረፉበትን ቤት አገኘችው፤ እሳቸው ግን አላገኛትም ብለው ከውስጥ አስመለሷት። ያ የሙቀት ወር ሳያልቅ ሞቱ።

ቀብሩ ላይ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ እማዬ ነበር። ዘርፌ ቂም ቋጥራ፣ አሮጊት ከነሻንጣቸው ከደጇ መለሰች። አንዳንዶቹ ሾፌሮች እንኳ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ቤት በሉ። እማዬ አንዲት ቃል አልመለሰችም። ለአባዬም ያለችው "እኔ ነኝ" ነው። እኔም አባዬ እንዳይገርፈኝ ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው፤ መሥሪያ ቤት እውላለሁ። እዚህ አሮጌ ቤት የለም፤ ሁሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም ብሎኬት ነው፣ ሰውም ይቀዘቅዛል ወይ ብሎ እንጂ ያምራል ወይ ብሎ አይጠይቅም። አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ባለፈው ፋሲካ አዋሽ እማዬ ዘንድ ከርሜ ነበር። በበዓሉ ዋዜማ አንዲት ጎረቤት በቆሻሻ ውሃ ምክንያት ከእማዬ ጋር ተጣላችና፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ "አንቺ እኮ አሮጊት ከደጅሽ ገፍተሽ የገደልሽ ነሽ!" አለቻት። እማዬ አንገቷን ደፋች። ሰባ ሊሞላት ነው፤ አንገቷን ስትደፋ ማጅራቷ እንደ ልጅ ቀጭን ነው።

እኔ እዚያው ጓሮ፣ ከሁለቱ አምስት እርምጃ ርቄ፣ ለዶሮው ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ልጅ እያለሁ ዝም ያልኩት ዱላ ፈርቼ ነው። አሁን ማንም አይገርፈኝም። ጎረቤቷ እኔን አየችኝ፣ እናቴን የምከላከል መስሏት ትንሽ ጠበቀች። እኔ ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ።