የካምቢዮው ዘይት እስኪበርድ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። ላወራው ስጀምር ሰዎች ቶሎ ብለው ያጽናኑኛል። እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ስላላገኘሁ ልጽፈው ወሰንኩ።

አባቴ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ብቻውን ይኖር ነበር። ሳንባውን ታሞ በኦክስጅን ነበር የሚተነፍሰው። ሐኪሙ ከዚያ ብርድና ከፍታ እንዲወርድ ቢመክረውም እሺ አላለም። እናቴ የተቀበረችው እዚያ ነው። እኔ ሲ.ኤም.ሲ ቤቴ ውስጥ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አዘጋጅቼለት ነበር፤ ሲመጣ አንድ ቀን አድሮ «ልጄ፣ መልሺኝ» ይለኛል። እመልሰዋለሁ።

ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ሲሊንደር አለው። ያን ቀን እንጦጦ ላይ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የሚያስታምሙት ጎረቤቱ እትዬ ዘነበች ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ መብራቱ እንደጠፋ ነው። ሲሊንደሩም ሊያልቅ ነው መሰለኝ፣ ቀስቱ ቀዩ ጋ ተጠግቷል።»

አምቡላንስ ፈለግኩ፤ የሚመጣልኝ አጣሁ። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለነበር የናፍጣ ፒክአፑ ግቢ ቆሟል። ቤቴ ለእሱ ያስቀመጥኳቸውን ትልልቅ የኦክስጅን ሲሊንደሮችና ከጎረቤት የተዋስኩትን ጄኔሬተር አስጫንኩና ወጣሁ።

መኪናው ኦቶማቲክ ነው። ባለቤቴ ከመሄዱ በፊት የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት አስቀይሮ ነበር። ዳገት ላይ እንዴት እንደምነዳውም ደጋግሞ ነግሮኛል። «ማርሽ ቀንሰሽ ውጪ። የካምቢዮው ሙቀት መብራት ከበራ ቁሚ። ፒ ላይ አድርጊው፣ ሞተሩን ግን እንዳታጠፊ። ሞተሩ ካልሠራ ዘይቱ አይዞርም፣ ካልዞረ ደግሞ አይበርድም።»

ሽሮ ሜዳን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ዝናቡ ወረደ። ትንሽ እንደወጣሁ መንገዱ ተዘጋጋ። አንድ ከባድ መኪና ተንሸራቶ ግማሹን መንገድ ይዞታል። ዳገቱ ላይ ትንሽ ፈቀቅ፣ ቆም፣ ትንሽ ፈቀቅ፣ ቆም ሆነ። መኪናን ከምንም በላይ የሚያሞቀው እንዲህ ዓይነቱ አነዳድ ነው። የተዘጋውን ቦታ አልፌ መንገዱ ክፍት ሲሆን፣ ከመሪው ፊት ቢጫው የሙቀት መብራት ቦግ አለ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። የተባልኩትን አደረግኩ። ፒ፣ ሞተሩ እየሠራ። ኮፈኑን ከፈትኩና ዝናብ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩ። መኪኖች እያለፉኝ ይሄዳሉ። እትዬ ዘነበች ደወሉ።

«የት ደረስሽ?»

«ዳገቱ ላይ ነኝ። መኪናው ሞቆብኝ እያበረድኩት ነው።»

«ቶሎ በይ እንጂ ልጄ፤ ከንፈሩ ጠቆረ እኮ!»

በስልኩ፣ ከእሳቸው ኋላ፣ አባቴ ሲስል ይሰማኛል። የሙቀት መብራቱ እስኪጠፋ ስልኩን አልዘጋሁትም። ሲጠፋ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ፣ ሳላስጨንቀው ተነሣሁ። ጥቂት ኩርባዎች እንዳለፍኩ መብራቱ ደግሞ በራ።

ይህን ጊዜ አልቆምኩም። የአባቴ ሳል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ነዳጁን ረገጥኩት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ወደ ኋላ መንሸራተት ስጀምር ፍሬኑን ይዤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቼ ጮህኩ።

መስታወቱን የመታው ጋሽ ከድር ነው። ስሙን ያወቅኩት በኋላ ነው። ብሎኬት የጫነ አሮጌ መኪና የሚነዳ፣ ሸምገል ያለ ሰው ነው።

«ምን ሆነሽ እህቴ? ተጋጨሽ እንዴ?»

«አባቴ ኦክስጅን አልቆበታል፣ መኪናው ደግሞ ቆመብኝ» አልኩት።

አንዱን ሲሊንደር አቅፎ አወረደና ወደ መኪናው ወሰደው። «ሌላውን ተይው፣ ይሄ ይበቃል። ነይ ግቢ!» አለኝ። አሮጌው መኪናው እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ፤ ግን አንድም ቦታ አልቆመም።

እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አሁን ነው» አሉኝ። «ልጄ፣ አሁን ነው እኮ።»

አባቴ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። እጁ ይሞቃል። «ቱቦውን ግጠሙልኝ!» እያልኩ ጮህኩ። እትዬ ዘነበች ሊይዙኝ ሲመጡ ጋሽ ከድር በእጁ አስቆማቸው። ሲሊንደሩን አስጠግቶ ቱቦውን ገጠመ፣ ከፈተው። አየሩ ሽው ሲል ጭንብሉን አባቴ አፍንጫ ላይ ያዘው። እንደሞተ ያውቃል። ግን እኔው «በቃ» እስክል ድረስ ይዞ ቆየ። ከዚያ ሲሊንደሩን ዘጋና የአባቴን ዓይኖች ከደነ።

በማግስቱም ቀብር መጥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ አየሁት።

የመኪናው ካምቢዮ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሏል። ባለቤቴ «መጀመሪያ መቆምሽ ልክ ነበር፤ ባትቆሚ ከዚያም በፊት ይቆምብሽ ነበር» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ለቅሶ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አባቴ እያጣጣረ ዘይት ታበርጃለሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በደንብ አልተነጋገርንም። መካኒኩን ስጠይቀው መሬት መሬት እያየ «እሱን ማወቅ አይቻልም» አለኝ።

አሁንም ቀኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እመላለስበታለሁ። ባልቆም እደርስ ነበር? ሁለተኛውንም ጊዜ ብታገሥ እደርስ ነበር? ወይስ ገና ከቤት ስወጣ ነገሩ አልቆ ነበር? የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ጥፋት የለብሽም» ይሉኛል። እኔ ግን የቱ ጋ እንዳጠፋሁ ባውቅ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ያንን ጥፋት ይዤ አለቅስ ነበር።