ባለ ሁለት ጎማው ሲኒማ

ዲሽና የቪዲዮ ቤት ተመልካቹን ጨርሰው ከወሰዱ በኋላ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የነበረው አሮጌ ሲኒማ ቤት ተሸጠና የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ። አባቴም በዚያው ሰሞን ሴቻ ካለው ቤታችን መውጣት አቆሙ። ዕድሜያቸውን በአዳራሹ ደጃፍ ቆመው ትኬት ሲቀድዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው አገላለጽ ግን ሥራቸው «ሕዝብ ማስገባትና ማስወጣት» ነበር፤ ከአንድ ሚኒስትር ኃላፊነት በምን እንደሚያንስ እስከ ዛሬ አልተረዳሁም።

ሰበቡ ጉልበታቸው ነው ተባለ። ሴቻ ላይ ናት፣ ሲቀላ ታች ናት፤ በመካከላቸው ያለውን ዳገት ጤነኛ ጉልበትም አይወደውም። ባጃጅ በከተማችን ገና አዲስ ነበርና እንዲሳፈሩ ብንለምናቸው «እኔ ዕቃ አይደለሁም» አሉ። ከዚያም ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ ሊያየው ለሚመጣው የአባያ ሐይቅ፣ ከገዛ በረንዳው ጀርባውን መስጠት የሚችል ሰው ቆራጥ መሆኑ አይካድም።

ጉልበታቸውን ያየው ሐኪም ወደ ጎን ወስዶኝ «ካልተንቀሳቀሱ ከዚያ ወንበር የሚነሱበት ቀን ላይመጣ ይችላል» አለኝ። ብስክሌት መንዳት ቢችሉ ይረዳቸው እንደነበርም ነገረኝ። አባቴ በጎልማሳነታቸው የፊልም ሣጥን ከአውቶቡስ ተራ እስከ አዳራሹ በብስክሌት ያመላልሱ ነበር። አሁን ግን እግራቸውን አንሥተው ኮርቻ ማለፍ አይችሉም።

እኔ የውሃ ምህንድስና የተማርኩ ሴት ነኝ። አርባ ምንጭ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፤ የተወረወረ ድንጋይ ሙዝ ካልመታ የውሃ መሐንዲስ ይመታል። ለእሳቸው የሚሆን ብስክሌት ለመንደፍ ጉዳዩን በተማርኩት መሠረት ያዝኩት። መቀመጫው እግር ሳይነሣ የሚቀመጡበት ዝቅ ያለ፣ ፔዳሉ ጉልበት ብዙ እንዳይታጠፍ ወደ ፊት የራቀ፣ መሪው ወገብን ቀጥ የሚያደርግ ከፍ ያለ ሆኖ ተነደፈ። ፍሬኑን ለሴቻ ቁልቁለት ሁለት ጊዜ አስልቼ ንድፉን ሲቀላ ወዳለው በያጅ ወሰድኩ። በሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቀደደ የሞተር ሳይክል ሥዕል ተለጥፎ ነበር፤ የፊት ጎማዋ ከጌታዋ ቀድማ የምትደርስ፣ መሪዋ እንደ በሬ ቀንድ የቆመ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ቾፐር ነው!» አለ ንድፉን ባየ ጊዜ፣ ጣቱን ወደ ሥዕሉ ሞተር ሳይክል ቀስሮ። «ስንት ዘመን የጠበቅኩት!»

«የጉልበት ሕክምና መሣሪያ ነው» አልኩት።

«እሺ፣ የጉልበት ቾፐር።»

ንድፉን ለአባቴ ባሳየኋቸው ጊዜ ወንበራቸውን ከግድግዳው በከፊል አዞሩ።

«ቀለሙስ?»

«ጥቁር።»

«ጥቁር! ሬሳ ነው የሚጭነው?»

ከዚያ መናገር ጀመሩ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ ይህን ያህል ሲናገሩ አልሰማሁም። አካሉ እንደ ሲኒማው መጋረጃ ቀይ ይሁን፤ ከኋላው፣ ከሸራው በላይ እንደነበረው የጂፕሰም ቅርጽ፣ ወርቃማ የፀሐይ ጨረር ይውጣ፤ መቀመጫው እንደ አዳራሹ በር ቆዳ ለብሶ በናስ ምስማር ይመታ፤ ከፊት ደግሞ ከመውጫው በላይ ትበራ እንደነበረችው ያለች አረንጓዴ መብራት ትኑር። እኔ ሁሉንም በሚሊሜትር ወረቀት አሰፈርኩ። የጂፕሰሙ ጨረር በቆርቆሮ እንዲተካ ለማስማማት ከአንድ የግድብ ጨረታ የበለጠ ድርድር ጠይቆኛል።

ከዚያ ቀዩ አጨቃጨቀን። በያጁ የሰጠኝን የቀለም ናሙና ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ሳለ በየሳምንቱ ለአባቴ ሊጸልዩ የሚመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደረሱ። እኒህ ሰው ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ሳሎን» ብለው ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ደጃፉንም ረግጠው የማያውቁ ናቸው። ናሙናዎቹን አንድ በአንድ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንዱም አይደለም። መጋረጃው የበሰለ የቡና ፍሬ ይመስል ነበር። ዳሩ ላይ ወርቃማ ዘርፍም ነበረው።»

እኔ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ተነግሮኝ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ልክ ነዎት» አሉ አባቴ ዓይናቸውን ከናሙናው ሳያነሡ። «በስተግራ ለተቀመጠ ሰው ጠቆር ይል ነበር።»

የዚያን ዕለቱ ጸሎት አጭር ነበር።

የቀረው ምስማሩና መብራቱ ነው። የድሮዎቹ ሁለቱም መጋዘን በሆነው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ አባቴ ደግሞ ሕንፃውን ከገዙት ሰው እጅ ምንም እንደማይቀበሉ አስቀድመው አስታውቀዋል። ገዢው ከስልጤ አገር የመጡ የጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው ሐጂ ይላቸዋል። ለአባቴ ሳልናገር ሄድኩ።

«እህቴ፣ በሩን እኮ አልጣልኩትም» አሉኝ ሐጂ። «ከሲሚንቶው ጀርባ አለ። ጋሼ አንድ ቀን መጥተው ይጠይቁኛል ብዬ ነው። ከየት አመጣሽው ቢሉሽስ?»

«ከሱቅ እላለሁ።»

«አልዋሸሽም። የእኔም ሱቅ ነው።» ምስማሮቹን ከበሩ፣ መብራቷን ከመውጫው በላይ አስነቅለው ሰጡኝ።

አባቴ ምስማሮቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ዋጋ ሳይጠይቁ የተቀበሉት ዕቃ ይህ ብቻ ነው።

ብስክሌቷ ባለቀች ማለዳ የሥራ ኮታቸውን ለብሰው ተቀመጡባት፤ እግራቸውን ማንሣት አላስፈለጋቸውም። እኔ በባጃጅ ተከተልኳቸው። ፍሬኑ እንዳሰላሁት ያዘ። ከላንቴ መንደር ሙዝ ጭኖ ብስክሌቱን በዳገቱ ላይ የሚገፋ አንድ ገበሬ ቆም ብሎ ቀዩን፣ ጨረሩንና ናሱን ተራ በተራ አደነቀ።

«አባባ፣ ስንት ዘለላ ይጭናል?»

ሲቀላ እስክንደርስ ይህንኑ ያልጠየቀን አልነበረም። ከተማችን ለኪነ ጥበብ ያለው አድናቆት በዘለላ ይለካል።

አባቴ ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ብቻቸውን ወረዱ። ሐጂ ብቅ አሉና ደጃፉ ላይ ቆሙ። አባቴ ሕንፃውን ጥቂት ተመልክተው ተመልሰው ተቀመጡና መሪውን ወደ ሴቻ አዞሩ።

ዳገቱ ሥር ብስክሌቷ ቆመች። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ቆርቆሮ፣ ማርሽ ደግሞ አንድ! እኔ ስሌቴን በሙሉ ለቁልቁለቱ ነበር የሠራሁት። የተማርኩት ውሃ ወደ ታች እንዴት እንደሚወርድ ነው፤ ውሃ ማታ ወደ ቤቱ ይመለስ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

«ልጄ» አሉ አባቴ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፤ «ስንት ዓመት ነው የተማርሽው?»

ሐጂ ከኋላችን ደረሱ። «ጋሼ፣ አይሱዙዬ ወደ ሴቻ ሊወጣ ነው።»

«እኔ ዕቃ አይደለሁም።»

«ዕቃዋ ብስክሌቷ ናት። እርስዎ ጋቢና ነዎት።»

አባቴ ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ወደ ቆመው መኪና ተራመዱ፤ እኔ ብስክሌቷን እየገፋሁ ተከተልኩ። ደጃፉ ጋ ሲደርሱ ግን ሲሚንቶ ተሸክመው በዋናው በር የሚወጡትን ጫኞች አዩ።

«ቁሙ! በመግቢያ የሚወጣው ማን ነው? መውጫው በስተቀኝ ነው!»

«ጋሼ፣ እሱ እንደተቆለፈ ነው» አሉ ሐጂ። «ቁልፉም ከሕንፃው ጋር አልተሰጠኝም።»

አባቴ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱና ቁልፉን አወጡ።

በሩ እያጉረመረመ ተከፈተ። አባቴ ከበላዩ ያለውን ባዶ ቀዳዳ ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያ ብስክሌቷ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መብራት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሐጂን። እኔ ሕንፃውን በሙያ ዓይን መመርመር ጀመርኩ።

«ትመለስ» አሉ። «ሕዝብ በጨለማ አይወጣም።»

ሐጂ ራሳቸው መሰላል ይዘው መጡ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በየማለዳው በብስክሌቷ ይወርዳሉ፤ ማታ በአይሱዙ ጋቢና ይመለሳሉ። ቀን ሲሚንቶ ያስገባሉ፣ ሲሚንቶ ያስወጣሉ። ሽማግሌው አሁንም በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ አባቴን ስለማያገኟቸው ወንበሩን ወደ ሐይቁ አዙረው አረፍ ይላሉ። በቀደም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬ ምን እያሳዩ ነው?» አሉኝ።

«ሲሚንቶ» አልኳቸው።

«ያው የባለፈው ሳምንቱ ነዋ» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።