ሳይቀየር የተገለበጠው የሠርግ ሲዲ

ታላቋን ልጄን ደሴ ላይ ስድር የሙሽራው እናት ኮምቦልቻ አልጋ ላይ ነበሩ። ወገባቸውን አሟቸው መኪና ስለማይችሉ የልጃቸውን ሠርግ ሳያዩ ቀሩ። ሁለቱ ቤተሰቦች ለሚገናኙበት ቅልቅል ወደ እነሱ ስንወርድ ሠርጉን በሲዲ እንደማመጣላቸው በስልክ ቃል ገባሁ።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ደሴ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር በከፈትኳት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ እየነካካሁ የለመድኩት ነው። ስለዚህ የሚቀረኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ቪዲዮውን እንዳለ ሲዲ ላይ ልገለብጥ ስል ታናሿ ልጄ አየችኝ።

“አባባ፣ እንዲሁ ከገለበጡት ኮምፒውተር ላይ እንጂ ቴሌቪዥን ላይ አይሠራም። የሲዲ ማጫወቻ ወደሚያነበው የቪዲዮ ዓይነት መጀመሪያ መቀየር አለበት” አለችኝ።

መቀየሩ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የተቀረጸን ነገር መነካካት እውነቱን ማጉደል እንደሆነ፣ ሁሉም ነገር እንዳለ ሲተላለፍ እንደሚያምር ሰበክኋት። እውነቱ ግን መቀየር አልችልበትም ነበር፤ ከልጄ መማር ደግሞ ከበደኝ። ገልብጬ ኮምፒውተሬ ላይ ሞከርኩት፤ ጥርት ብሎ ታየ። “አየሽ?” አልኳት።

የቅልቅሉ ዕለት የሙሽራው እናት አልጋ ሳሎን ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሯል። ሴትዮዋ ነጭ ለብሰው በትራስ ተደግፈዋል። ቤቱ ዘመድ ሞልቶታል። ሲዲውን ራሴ ከተትኩት። ጥቂት ተሽከረከረ፣ ከዚያም ማጫወቻው ማንበብ አልቻልኩም የሚል ጽሑፍ አወጣ። በመሐረቤ ጠርጌ መልሼ ከተትኩት። ያው ነው።

“ማጫወቻው አርጅቷል” አልኩ ጮክ ብዬ። በሰው ቤት፣ በአማቾቼ ፊት።

የሙሽራው አባት አንገታቸውን ደፍተው ከጎረቤት ሌላ አስመጡ። እሱም እምቢ አለ። አንድ ሽማግሌ፣ “ሲዲውም እንደ ሙሽሪት ዓይናፋር ነው መሰለኝ፤ ሰው ሲበዛ ብቅ አይልም” ሲሉ ቤቱ ሳቀ።

ታናሿን ልጄን ፈለግኋት። በሩ አጠገብ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። አንድ ቃል ብትናገር ማጫወቻው ከወቀሳዬ ነፃ በወጣ ነበር። እኔን ላለማዋረድ ዝም አለች። ያኔ የሙሽራውን አባት ወደ ጎን ጠርቼ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ማጫወቻቸውን የወቀስኩት በሰው ሁሉ ፊት ነበር፤ ያመንኩት ግን በጆሯቸው ብቻ ነው።

እናትየው ቴሌቪዥኑን አስጠፉና ታናሿን ልጄን ጠሩ። “ነይ እስቲ አጠገቤ። አንቺ ንገሪኝ፤ ልጄ ሲገባ ምን ለብሶ ነበር?”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። እኔ ሲዲውን ኪሴ ከትቼ የምቀመጥበት ጠፋኝ።

ደሴ እንደተመለስን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። “ብዬዎት አልነበር” ሳትል አሳየችኝ። የተቀየረውን ሲዲ በማግስቱ ይዛ የወረደችው እሷ ነች። እኔ አፈርኩ፤ አልሄድኩም። ስትመለስ እናትየው ሠርጉን እስከ መጨረሻው አይተው፣ እንደገና አስጀምሩልኝ እንዳሉ ነገረችኝ።

“‘አባትሽስ?’ ሲሉኝ ሥራ በዝቶባቸው ነው አልኳቸው” አለች።

ሥራ አልነበረኝም። ልጆቼ ሲዋሹ ከሰማሁ ቀበቶ የምፈታ አባት ነበርኩ። ያን ዕለት ግን ቀበቶዬን አልነካሁም፤ የዋሸችው የኔን ሐፍረት ለመሸፈን ነበር።