ቅቤ የተቀባ እርግብግቢት

ያደታ ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሲመጡለት መሣሪያውን ገና ያልገጠመው እርግብግቢታቸው ላይ አሳርፎ የአንጎላቸውን ምስል ያነሣል። የደበዘዘውን እያጠራ፣ የአንጎል ውሃ የሚተላለፍበትን ቦይ ስፋት እየለካ፣ አዲስ አበባ ላለችው ለዶክተር ሮዳስ ይልክላታል። ውሃ እየተጠራቀመ ከሆነ ጭንቅላት ሳያብጥ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሥራውን ሁሉም ያመሰግኑለታል።

አንድ ማክሰኞ ደጊቱ የምትባል የተፍኪ ሴት በሰባት ወሩ የተወለደ ልጇን ታቅፋ ገባች። ያደታ የሕፃኑን ኮፍያ ሲያነሣ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ተለድፏል።

«መሣሪያዬን ልታበላሺብኝ ነው?»

«እርግብግቢቱ እንዳይደርቅ ብዬ ነው፣ ዶክተር።»

«ልጅ ነው ወይስ ክትፎ ያመጣሽልኝ? ሂጂ፣ አጥበሽ አምጪው!»

በሩ ላይ ወረፋ የያዙት ሳቁ። ያደታም ፈገግ አለ። እሱም የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ነው፤ አናቱ እንዲሁ በቅቤ ታሽቶ ማደጉን ግን ክሊኒኩ ውስጥ ለማንም አውርቶ አያውቅም። ደጊቱ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። አልተመለሰችም።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተር ሮዳስ ደወለች። «ከተፍኪ ወደ አንተ መላኩን የነገሩኝ ሕፃን ምስል የታለ?»

«ቅቤ ቀብታው መጥታ መለስኳት።»

«ቅቤ ምን ያደርጋል? ጠረግ አድርጎ ማንሣት ነው እንጂ!»

አላወቅሁም ሊላት ፈለገ። ጠርጎ ማንሣት እንደሚቻል ግን ያውቅ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ተፍኪ ወረደ። ጠይቆ ቤቱን ሲያገኝ የደጊቱ አማት ኦቦ መገርሳ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«አካም ቡልቴ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉት። ከክሊኒኩ መምጣቱን ሲነግራቸው «አራስ ቤት እንግዳ ባይገባም፣ ለልጁ ከሆነ ግባ» አሉት።

ደጊቱ ስታየው ደንግጣ ብድግ አለች። «ቅቤ አላስነካሁትም፣ ዶክተር። ከዚያ ቀን ወዲህ በሳሙና ነው የማጥበው። ደግመው እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው የቀረሁት።»

የልጁ ግንባር ወጣ ብሏል። እርግብግቢቱ ተወጥሯል።

ደጊቱንና ልጇን ይዞ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ አነሣው፣ ሁለት ጊዜ ለካው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስፋቱ ከልክ በላይ ነው። የዶክተር ሮዳስ መልስ አልዘገየም፤ ዛሬውኑ ለቀዶ ጥገና ወደ አዲስ አበባ ይምጣ።

አምቡላንሱን ሲጠብቁ ደጊቱ በአፋን ኦሮሞ ጠየቀችው። «በቅቤው ነው፣ አይደል?»

እንደዚያ ማክሰኞ ዛሬም በሩ ላይ ወረፋው ሙሉ ነበር። ያደታ እዚያው ወረፋ በያዙት ሰዎች ፊት፣ በእሷው ቋንቋ መለሰላት። «ቅቤው ምንም አላደረገም። ያን ጊዜ ማየት እችል ነበር። ሳላየው የመለስኩት እኔ ነኝ።»

የሳቀ የለም። እስካሁን ዶክተር ስትለው የነበረችው ደጊቱ ይቅር አላለችውም፤ አልረገመችውምም።

«እንግዲያው አብረኸን ትሄዳለህ» አለችው። «ይህን ለአዲስ አበባ ሐኪሞችም ትነግርልኛለህ። እኔ ስናገር ማን ይሰማኛል?»

ያደታ ጋዋኑን አውልቆ ተከተላት።