የምስማሯ ቀዳዳ

የመማሪያ ክፍሉ ትናንት ቀለም ተቀብቶ የቀለም ማቅጠኛው፣ አኳራጅ አኳራጅ ይሸታል። አባቴን ከቀበርን ሁለት ሳምንት ሆነን። ሰው ሁሉ "አልቅሺ፣ ይወጣልሻል" ይለኛል፤ እንባው ግን አልመጣልኝም።

አባቴ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። አንድ ክረምት ፒያሳ፣ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚወርደውን መንገድ ሳለ። መጀመሪያ ግድግዳው መሀል ምስማር መትቶ ክር አሰረባት። እኔ የክሩን ጫፍ ወጥሬ ስይዝለት፣ እሱ ክሩን ተከትሎ የመንገዱን ዳርና ዳር አሰመረ። ሁለቱ መስመሮች ምስማሯ ላይ ገጠሙ።

"አባዬ፣ ትምህርት ቤት ትይዩ መስመሮች አይገናኙም ብለውናል እኮ!"

"መንገድ ላይ ቆመው አላዩማ" አለኝ።

ሲጨርስ ምስማሯን ነቀለና ቀዳዳዋን በሰማዩ ቀለም ደፈናት። ደነገጥኩ።

"አሁንስ የት ነው የሚገናኙት?"

"እዚያው ነው። አይታይም እንጂ።"

ዛሬ የማስተምረው ፕሮጀክቲቭ ጂኦሜትሪ ነው። ሁለት ትይዩ መስመሮች አሰመርኩና ማለቂያ በሌለው ርቀት ላይ ይገናኛሉ አልኩ። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ነጥቡ የታለ?"

"እዚያው ነው። አይታይም እንጂ።"

ስናገር ምንም አልተሰማኝም። እጄን ግን አየሁት፤ ሰሌዳው መሀል ላይ የምስማሯን ቀዳዳ ፍለጋ እየዳበሰ ነበር።